ልጅሽን አውሺኝ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሁለት ተከራይ ባለበት ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ዘሀራ ልብስ ታጥባለች፣ ጎረቤቷ ትርንጎ ደግሞ ሌሊቱን ስታስብበት ያደረችውን ልመና ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ወንዶች ልጆቻቸው፣ የትርንጎ ቀጭኑ ዳግምና የዘሀራ ድንቡሼው ኑሩ፣ ምንጣፉ ላይ በአንድ ማንኪያ ይጓተታሉ።

ትርንጎ፦ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ዘሀራ፦ ልጄን?

ትርንጎ፦ ልጅሽን። ታየውና ይመለሳል።

ዘሀራ፦ ሰፌድ አውሺኝ አልሽ፣ ሰጠሁሽ። ትልቁን ድስት አልሽ፣ ሰጠሁሽ፤ እሱ እንዲያውም እስካሁን አንቺ ጋ ነው። አሁን ደግሞ ልጅ ላይ ደረስን?

ትርንጎ፦ ድስቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

ዘሀራ፦ ድስቱን ተይው። ሰው ልጅ ይዋሳል እንዴ?

ትርንጎ፦ ስሚኝማ ዘሀራዬ። አማቴ ከወረኢሉ እየመጣች ነው። ጌጡ ሊቀበላት መናኸሪያ ወርዷል።

ዘሀራ፦ እሰይ፣ ደህና ትግባ። የልጇን ልጅ ልታይ አይደል የምትመጣው? ያውልሽ ዳግም ተቀምጧል፣ እሱን ትይ። የኔ ኑሩ ምን ቤት ነው?

ትርንጎ፦ እስኪ ዳግምን እይው።

ዘሀራ፦ አየሁት።

ትርንጎ፦ ምን ይታይሻል?

ዘሀራ፦ የኔን ማንኪያ የሚቀማ ልጅ።

ትርንጎ፦ አንገቱን ነው የምልሽ። ክንዱን። ሱሪውን በክር ካላሰርኩለት እየዳኸ ሲሄድ ሱሪው ኋላ ይቀራል። አበላዋለሁ፣ ይበላል፤ የበላው የት እንደሚገባ ግን እኔ እናቱ አላውቅም።

ዘሀራ፦ መቼ ቁጭ ይልና። ቅድም ከባልዲው ሥር ጎትቼ ነው ያወጣሁት።

ትርንጎ፦ አማቴ እንዲህ ሆኖ ካየችው ይዛው ነው የምትሄደው።

ዘሀራ፦ ወዴት?

ትርንጎ፦ ወረኢሉ ነዋ። የጌጡን እህት እንዲሁ አድርጋታለች። ልጇን አየችና፣ "ይሄማ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ትንሽ ወተትና ቅቤ አቅምሼ እመልሰዋለሁ" አለች። አዝላው ሄደች።

ዘሀራ፦ መለሰችው?

ትርንጎ፦ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቷል። እናቱ ልትጠይቀው ስትሄድ "እትዬ፣ ግቢ" ነው የሚላት።

ዘሀራ፦ ወይ ጉድ።

ትርንጎ፦ እኔን ዳግም እትዬ ካለኝ አለቀልኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከሰሞኑ ይሄን እያሰብኩ እህል አይወርድልኝም።

ዘሀራ፦ እና የኔን ወስዳ የኔው እትዬ ይበለኝ?

ትርንጎ፦ ያንቺን ምን ብላ ትወስደዋለች? ምን ጎድሎት?

ዘሀራ፦ ወፈረ ልትዪ ነው።

ትርንጎ፦ አላልኩም።

ዘሀራ፦ አፍሽ ላይ ደርሶ ነበር።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ከሳ ልበል?

ዘሀራ፦ ከሳም አትበዪ። እሱስ እውነቱን ለመናገር ከስቶብኛል።

ትርንጎ፦ ማን? ኑሩ?

ዘሀራ፦ ጥርሱ ሊወጣ ነው መሰለኝ፣ ምግብ እምቢ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ገንፎውን አልጨረሰም።

ትርንጎ፦ ጠዋት እኮ እኛ ቤት መጥቶ የዳግምን ገንፎ ሲበላ ነበር።

ዘሀራ፦ እሱ ጨዋታ ነው። ሲጫወት የበላው አይቆጠርም።

ትርንጎ፦ ዘሀራ፣ የልጅሽ የእጅ አንጓ አይታይም እኮ። በክር የታሰረ ነው የሚመስለው።

ዘሀራ፦ በይ እንትፍ በዪበት። አሁኑኑ።

ትርንጎ፦ እንትፍ፣ እንትፍ።

ዘሀራ፦ ማሻአላህ በዪ።

ትርንጎ፦ ማሻአላህ።

ዘሀራ፦ ከልብሽ።

ትርንጎ፦ ከልቤ ማሻአላህ። እና ትሰጪኛለሽ?

ዘሀራ፦ አልሰጥሽም። አማትሽ ታየውና "ኧረ እንዴት ያለው ነው" ትላለች፤ ማታ ልጄ ትኩሳት ይይዘዋል። ባለፈው ያቺ ሽንኩርት ሻጭ "ይሄ ልጅ ነው ወይስ ጆንያ?" ብላው ሳምንቱን ሙሉ ሲያለቅስ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት የምገዛው ሌላ ቦታ ነው።

ትርንጎ፦ አማቴ ዓይኗ ደህና ነው። ደግሞ ፊቱን ሳላጥበው ነው የማሳያት። አፍንጫውንም አልጠርገውም።

ዘሀራ፦ ቆይ፣ ሴትዮዋ ዳግምን አይታው አታውቅም?

ትርንጎ፦ ለክርስትናው መጥታ ነበር። ያኔማ እንደማንኛውም ሕፃን ጥቅልል ብሎ ተኝቶ ነው። ከዚያ በኋላ በፎቶ ነው የምታየው። በእህቷ ልጅ ስልክ እልካለሁ፣ እሷ ታሳያታለች።

ዘሀራ፦ በቃ ተበላሸብሽ። በፎቶ ካየችው መልኩን ታውቀዋለች። ኑሩን ይዘሽ ብትቀርቢ ትስቅብሻለች።

ትርንጎ፦ ልብሱን እኔ ላጥብልሽ? ደክሞሻል።

ዘሀራ፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አቤት።

ዘሀራ፦ የማንን ፎቶ ነው የምትልኪው?

ትርንጎ፦ መጀመሪያ የዳግምን ነው የላክሁት። "ደሴ ወተት ጠፋ እንዴ?" ብላ አስደወለች። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ያነሳሁት ፎቶ ነበረኝ።

ዘሀራ፦ እና?

ትርንጎ፦ እና ዳግምን ቆረጥኩት።

ዘሀራ፦ የገዛ ልጅሽን ከፎቶ ቆርጠሽ የሰው ልጅ ላክሽ።

ትርንጎ፦ ከዳር ነበር እኮ የተቀመጠው። ደግሞ ምን ያህል ቦታ ይዞ ብለሽ ነው።

ዘሀራ፦ ከዚያ በኋላስ?

ትርንጎ፦ ከዚያ በኋላማ ኑሩን ብቻ ነው የማነሳው። መቁረጡም ሰለቸኝ።

ዘሀራ፦ ልጄ ሳላውቅ ወረኢሉ ገብቶ ወጣልሽ። ለዚያ ነዋ፣ ከሰሞኑ የከሳው። አገሩ ሁሉ ሲያየው ከርሟል።

ትርንጎ፦ አገሩ ሁሉ አይደለም። አማቴ፣ እህቷና የእህቷ ልጅ ናቸው። ምናልባት ጎረቤትም።

ዘሀራ፦ ማተቡስ? ልጄ ማተብ የለውም። ያንን አላየችም?

ትርንጎ፦ አይታለች። "የልጁ ማተብ የት ሄደ?" አለችኝ። ገላውን ልናጥበው ስንል ነው አልኳት።

ዘሀራ፦ በሚቀጥለው ፎቶስ?

ትርንጎ፦ ገላውን ልናጥበው ስንል ነው አልኳት።

ዘሀራ፦ ይሄ ልጅ መታጠብ አበዛ አላለችም?

ትርንጎ፦ ለዚያ ነው ዛሬ ሻርፕ የማደርግለት። ከሥር አለ እላታለሁ።

ዘሀራ፦ አባቱ እንድሪስ መጥቶ ልጁን የጌጡ እናት ጭን ላይ፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ ቢያገኘው ምን ልለው ነው? ጌጡስ ቢሆን? የራሱ ልጅ ጠፍቶ የኔን ሲያቅፉለት ዝም ይላል?

ትርንጎ፦ ጌጡ ገና አልሰማም። ሲገባ በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ።

ዘሀራ፦ ጌጡ ባለፈው "ቡናው ጨው አለው" ብሎ እንግዳ ፊት ሲናገር ስንቴ ጠቀስሽው? "ዓይንሽን ምን ነካው?" ነው ያለሽ።

ትርንጎ፦ እህቴ አትመክሪኝ አሁን፣ አግዢኝ። አንቺ በልጅሽ አፍረሽ አታውቂም፣ አይገባሽም። ጤና ጣቢያ የልጆች ሚዛን ቀን ሲመጣ እኔ ከሰልፉ መጨረሻ ነው የምቆመው። ሲስተሯ የዳግምን ኪሎ ስትጠራ መሬት ብትከፈት እገባለሁ። አንቺ እኮ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ነው የምትመለሺው። ምነው? ምን ሆንሽ?

ዘሀራ፦ ምንም።

ትርንጎ፦ አንድ ካልሲ ነው እንዲህ የምታሺው?

ዘሀራ፦ የሚዛኑን ነገር አታንሺብኝ። አማትሽ በስንት ሰዓት ነው የምትደርሰው?

ትርንጎ፦ ዘጠኝ ሰዓት ግድም።

ዘሀራ፦ ያረቢ። እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው አለብኝ።

ትርንጎ፦ ማን?

ዘሀራ፦ ያቺ አዲሷ ሲስተር። ኑሩን ቤት መጥቼ አየዋለሁ ብላለች።

ትርንጎ፦ ትየው። ምን ቸገረሽ? አይታው ስትጨርስ ለኔ ትሰጪኛለሽ።

ዘሀራ፦ ኑሩን ማየት የለባትም።

ትርንጎ፦ ኑሩን ልታይ የምትመጣ ሴት ኑሩን ማየት የለባትም።

ዘሀራ፦ ባለፈው የሚዛን ቀን አንቺ ለቅሶ ሄደሽ ዳግምን ለኔ ትተሽልኝ አልነበር?

ትርንጎ፦ አዎ።

ዘሀራ፦ ኑሩን አዝዬ፣ ዳግምን አቅፌ ሄድኩ። ሰልፉ አጥሩ ድረስ ነው። ያቺን ሚዛን ታውቂያታለሽ፤ ልጁን ሱሪ ነገር ውስጥ ከትተው ያንጠለጥሉታል፣ ከዚያ ኪሎውን ጮክ ብለው ይጠራሉ። ያ ሁሉ እናት ቆሞ እያየ፣ እንትፍ የሚል አንድ ሰው የለ። ያቺ ሽንኩርት ሻጭም ከፊቴ ቆማለች።

ትርንጎ፦ እሷም ልጅ አላት?

ዘሀራ፦ የልጅ ልጇን ይዛ ነው። ዘወር ብላ ጀርባዬ ላይ ያለውን ኑሩን ታያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ደግማ ታያለች። ሲስተሯ "ኑሩ እንድሪስ" ስትል ወላሂ እኔ አላሰብኩትም፣ እጄ ዝም ብሎ ያቀፈውን ሰጠ።

ትርንጎ፦ ዳግምን?

ዘሀራ፦ ዳግምን።

ትርንጎ፦ ልጄን በልጅሽ ስም አንጠለጠልሽው?

ዘሀራ፦ አንቺ ልጄን በልጅሽ ስም ወረኢሉ ልከሽው የለ?

ትርንጎ፦ አለቀሰ?

ዘሀራ፦ ምን ያለቅሳል፣ ሲወዛወዝ ይስቅ ነበር። ያለቀሰችው ሲስተሯ ናት ማለት ይቻላል። ባለፈው ወር የመዘነችው ኑሩ ግማሽ ሆኖ ሲመጣባት ደነገጠች። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ አውርዳ እንደገና ሰቀለችው።

ትርንጎ፦ ሁለቴ ሰቀላችሁት?

ዘሀራ፦ ሁለቴም ሳቀ።

ትርንጎ፦ "ዳግም ጌጡ" ሲሉስ?

ዘሀራ፦ ዛሬ አልመጣም አልኩ።

ትርንጎ፦ ለዚያ ነዋ ሲስተሯ መንገድ ላይ አቁማኝ "ልጅሽን ለምን አታስመዝኚም?" ያለችኝ። አስመዝኜዋለሁ ብዬ ስከራከራት ቆየሁ። ከኋላሽ ያዘልሽውስ ማን ነው ብላ አልጠየቀችም?

ዘሀራ፦ ነጠላ ሸፍኜበታለሁ። ገበያ ደርሼ መጥቼ ነው፣ ዱባ ነው አልኳት።

ትርንጎ፦ ዱባው አልተንቀሳቀሰም?

ዘሀራ፦ ተኝቶ ነበር፣ አላህ ይስጠው። ከዚያ ያንን በከረጢት ያለውን አልሚ ምግብ፣ የለውዝ ቅቤ የሚመስለውን፣ በብዛት ሰጥታ ሸኘችኝ።

ትርንጎ፦ ለዳግም ያዘዘችውን።

ዘሀራ፦ ለኑሩ። የተጠራው የሱ ስም ነው።

ትርንጎ፦ ማን በላው?

ዘሀራ፦ ለዳግም አቅምሼዋለሁ። ተፋው።

ትርንጎ፦ ዘሀራ፣ ማን በላው?

ዘሀራ፦ ከስቶብኛል አልኩሽ እኮ።

ትርንጎ፦ አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ ይሄ ጉንጭ በአንድ ወር ውስጥ ከየት መጣ እላለሁ።

ዘሀራ፦ እንትፍ በዪበት።

ትርንጎ፦ እንትፍ። ልጄ ግን እንዲህ ያስደነግጣል ማለት ነው። ሲስተሯ እስክታለቅስ።

ዘሀራ፦ ኧረ እሷ ያስደነገጣት መቀነሱ ነው። "ኪሎው በራሱ ለዕድሜው ደህና ነው፣ ልጁም ንቁ ነው፤ ያን ሁሉ ግን በወር ውስጥ የት ጣለው?" ነው ያለችው።

ትርንጎ፦ ምን አለች?

ዘሀራ፦ የት ጣለው።

ትርንጎ፦ ከዚያ በፊት ያለችውን።

ዘሀራ፦ ለዕድሜው ደህና ነው።

ትርንጎ፦ ዳግም? ደህና ነው አለች?

ዘሀራ፦ አዎ። ክንዱንም በዚያች ጥብጣብ ለካችው፣ "ደህና" አለች። ምነው፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?

ትርንጎ፦ እኔ እኮ ማታ ማታ ጎኑን እየዳበስኩ ነው የምተኛው። ጡቴ ነው የከዳው፣ እኔ ነኝ ያልሆንኩለት እያልኩ። ደህና መሆኑን እያወቅሽ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዝም ትዪኛለሽ?

ዘሀራ፦ እሱን ብነግርሽ ማንጠልጠሌን ልነግርሽ ነዋ።

ትርንጎ፦ ደስ ብሎኝ ልቆጣሽ እንኳን አልቻልኩም። ና እስኪ ዳግምዬ፣ ደህናው ልጄ።

ዘሀራ፦ ደስታው ይቆየን። ሰዓቱ እየደረሰ ነው። ሲስተሯ መጥታ ኑሩን ካየችው፣ ወይ ውሸታም ነሽ ትለኛለች፣ ወይ በተአምር አደለብሽው ብላ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስባ ታሳያቸዋለች። ያ ደግሞ ይባስ ነው።

ትርንጎ፦ አንቺ የሚያስፈልግሽ ቀጭን ልጅ ነው።

ዘሀራ፦ አንቺ የሚያስፈልግሽ ደግሞ...

ትርንጎ፦ እንትፍ፣ ማሻአላህ፣ ድንቡሼ።

ዘሀራ፦ ለአንድ ሰዓት ብቻ።

ትርንጎ፦ እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩሽ? በይ ልብሳቸውን እናለዋውጣቸው። ሱሪውን አምጪ።

ዘሀራ፦ ዳግምን ለኔ ስጪኝ። ማተቡን አንገትጌው ውስጥ እከተዋለሁ። ያውልሽ፣ ለበሰ። የት ሄደ ልጁ?

ትርንጎ፦ ሹራቡ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱን ፈልጊው። ይሄኛው ግን አልገባ አለኝ።

ዘሀራ፦ በጆሮው በኩል ቀስ አድርገሽ።

ትርንጎ፦ ጆሮው ችግር የለውም። ጉንጩ ነው የያዘው።

ዘሀራ፦ እንትፍ በዪበት እንጂ።

ትርንጎ፦ እንትፍ። እስከ አፍንጫው ወርዷል፣ አሁን ወደ ታችም ወደ ላይም አይልም። ሳቅ አትበል ኑሩ፣ ስትስቅ ይብስብሃል። ቆይ፣ ስልኬ ነው። ጌጡ ነው። አቤት ጌጡ፣ ወረደች? ምነው ድምፅህን ዝቅ አደረግህ?

ዘሀራ፦ ደረሱ? ሹራቡን ጎትቺው።

ትርንጎ፦ እ? ማን ናት እንዲህ ያለችህ? ለምን እውነቱን አልነገርካትም ታዲያ? ... እ። ... እ። ... ወይኔ። እሺ። እሺ አልኩህ።

ዘሀራ፦ ምን አለሽ?

ትርንጎ፦ ሱቅ ውሃ ልግዛ ብሎ ተደብቆ ነው የደወለው። አማቴ ልጅ ልትወስድ አይደለም የመጣችው።

ዘሀራ፦ እሰይ። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?

ትርንጎ፦ ያሳጠበችውን ፎቶ ለጌጡ አሳይታው፣ "ይሄ ልጅ የማን ነው?" አለችው። በነሱ ዘር ወፍራም ሕፃን ተወልዶ አያውቅም አሉ። ጌጡም፣ አባቱም፣ አያቱም በሕፃንነታቸው እንደ ዳግም ነበሩ። ያለ ወረኢሉ ቅቤ እንዲህ የሚፋፋ የኛ ልጅ የለም ብላለች።

ዘሀራ፦ ጌጡ "ልጄ እሱ አይደለም፣ ይሄ የጎረቤት ነው" ቢላትስ?

ትርንጎ፦ ብሏታል። "አየህ፣ አንተም ልጄ አይደለም አልክ" አለችው።

ዘሀራ፦ ወይ መከራ።

ትርንጎ፦ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ልጁ እንደ ፎቶው ከሆነ ሚስትህን ትተህ ከኔ ጋር ትመለሳለህ ብላ ነው የመጣችው። ጌጡን ነው የምትወስደው ዘሀራ። እናቱን ደግሞ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ዘሀራ፦ ታዲያ ዳግምን ታሳያታለሻ።

ትርንጎ፦ እሱን ነው የምልሽ። ክንዱንም፣ አንገቱንም፣ ማተቡንም፣ ሁሉን ታየዋለች። አውልቂለትና ስጪኝ። ያንቺን ውሰጂልኝ።

ዘሀራ፦ ቆይ። በሩ ላይ ሰው አለ።

ትርንጎ፦ ማን ነው?

ዘሀራ፦ ሲስተሯ ናት፣ ቦርሳዋን ይዛ። ከኋላዋ ጌጡ ነው። አጠገቡ ያለችው፣ ጥላ የያዘችው፣ አማትሽ ሳትሆን አትቀርም። ተዋውቀው እያወሩ ነው የሚገቡት።

ትርንጎ፦ ዘሀራ፣ ልጄን ስጪኝ። ይሄ ሹራብ ከኑሩ ራስ አይወልቅም እኮ፣ እንዲህ አቅፌው ልታገኘኝ ነው።

ዘሀራ፦ አልችልም፣ ሲስተሯ አይታኛለች። እጇን እያወዛወዘች "ኑሩ እንዴት ዋለ?" እያለችኝ ነው።

ትርንጎ፦ ዘሀራ፣ በናትሽ። ሰው ልጅ ይዋሳል እንዴ?

ዘሀራ፦ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከድስቴ ቀድሞ ይመለስልሻል።